ሊማሊሞን መውጣትስ ተወጣ… መውረዱን ጠይቁኝ!

መቼም እንዲህ ባለ ገጽ ላይ ስለ ትዳርና ስለ ፍቅር፣ ስለ አማትና ስለ ምራት ያልተባለ የለም። ዛሬ እኔ ላጫውታችሁ የመጣሁት ስለ ሌላ ትዳር ነው… ስለ እኔና ስለ ፒካፔ! "ደግሞ እሱ ምን ትዳር ነው?" እንዳትሉኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ አብረን ኖረን፣ ጧት ማታ መሪዋን ጨብጬ ውዬ፣ ጠባይዋን ያወቅኩት በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ነው። እኔስ እኔ ነኝ፣ የእጄን ነው። ከኋላ የጫንኳቸው ስድስት ነፍሶች ግን ምን በደሉ?

ነገሩ የሆነው በመስከረም 2010 ዓ.ም. ነው። የባለቤቴ አጎት ከሊማሊሞ ግርጌ ወዲያ፣ አዲአርቃይ ላይ ወፍጮ ሊተክሉ አስበው፣ የናፍጣ ሞተሩንና ድንጋዩን ከአዲስ አበባ ገዝቼ እንዳደርስላቸው አደራ አሉኝ። "ሲሚንቶም ከተገኘ አትርሳ" አሉ። አልረሳሁም፤ አራት ኩንታል ደረብኩበት። መኪናዬ ያገለገለች ሂሉክስ ናት፣ ነጠላ ጋቢና፣ ቱርቦ የማታውቅ የድሮ ናፍጣ። ጭነቱ ከበድ ስለሚል ከመነሣቴ በፊት አንድ ጋራዥ ወስጄ ለኋላዋ ተጨማሪ ባሌስትራ አስገባሁላት። ድሮ ሲጫንባት ኋላዋ ዘጭ ይል የነበረው አሁን ቀጥ ብላ ቆመች። መካኒኩም "ከእንግዲህ ተራራ ብትጭንባት አትጎብጥም" አለኝ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ይቺን ባሌስትራ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጎንደር አድሬ በነጋታው አንድ አዛውንት አብረውኝ ተሳፈሩ። የባለቤቴ ዘመድ ናቸው፤ ስማቸው ይቆይና እኔ "ጋሼ" ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ከጎንደር ሽሬ፣ ከሽሬ ጎንደር በከባድ መኪና ሲመላለሱ የጨረሱ ሹፌር ናቸው። ገና ሳይሳፈሩ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጎማውን በእግራቸው አልመቱም (እኔ የማደርገው እሱን ነበር!)፤ ጎንበስ ብለው በውስጥ በኩል ያለውን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱት። ንፋሱንም መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ አስለኩኝ። "ከተነዳ በኋላ የሚለካ ንፋስ ውሸታም ነው" አሉ። ጎማ ሲሞቅ ንፋሱ ይጨምራል፤ "በዝቷል" ብለህ ያስተነፈስከው እንደሆነ ሲቀዘቅዝ የጎደለ ጎማ ይዘህ ትቀራለህ ማለታቸው ነው። ቀጥለው ኮፈኑን አስከፈቱኝ።

"የፍሬን ዘይቱን የቀየርከው መቼ ነው?"

"አልጎደለም ጋሼ፣ በቀደም ጨምሬበታለሁ።"

"ጨምረሃል ወይ አላልኩህም። ቀይረሃል ወይ?"

ዝም አልኩ። እስቲ እናንተም እውነቱን ተናገሩ፣ የሞተር ዘይት ለመቀየር ቀን የምንቆጥር ሰዎች የፍሬን ዘይት የምናስታውሰው ሲፈስ ብቻ አይደለም? ለካስ የፍሬን ዘይት እንደ ጨው ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ ወደ ውስጡ ያስገባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ አይፈላም። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይም ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ደግሞ እንፋሎት ይፈጥራል። ዘይት ሲረገጥ የረገጡትን ኃይል ወደ ጎማው ያደርሳል፤ እንፋሎት ግን ሲረገጥ እዚያው ጭምቅ ይላል እንጂ ምንም አያደርስም። ፔዳሉ እግር ሥር ስፖንጅ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ጋሼ እዚያው ጎንደር ጋራዥ ገብተን እናስቀይረው አሉ። እኔ ቸኮልኩ። "ስንመለስ" አልኳቸው። ልብ በሉልኝ… ስንመለስ!

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮሶዬ ላይ ሲደርሱ ምድሩ ድንገት ይቋረጥና ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል፤ ወርዶ ያላየው ሰው አዝናለሁ። አምባ ጊዮርጊስን ሲያልፉ ወገራ ነው፤ በመስከረም ያ ሜዳ አረንጓዴና ቢጫ ብቻ ነው፣ ገብሱ፣ ባቄላው፣ አደይ አበባው። ብርዱ ግን በመስኮት ገብቶ አጥንት ይፈልጋል። መኪናዬ እዚህ ላይ ማቃሰት ጀመረች። እኔ ናፍጣው ተበርዞ ይሆናል ብዬ ማደያውን ልረግም ስል ጋሼ ሳቁብኝ። "አየሩ ነው የሳሳው፣ እንደ አንተ ነው የሚያደርጋት፣ አንተስ ደረጃ ብትወጣ አታለከልክም?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ከባሕር ጠረፍ ጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። ነዳጅ መርገጥ ጭስ እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ማርሽ ቀንሶ በትዕግሥት መውጣት ነው። ውሃም እዚያ ከፍታ ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን በደንብ የማይጨብጥ ከሆነ ዳገቱ መሐል መንተክተኩ አይቀርም። የጋለ ራዲያተር ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው ስላየሁ ይህን ሳልናገር አላልፍም፦ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ!

ዳባት፣ ማለትም 75 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሻይ ጠጣን። ዳባትን ያኔ ያየኋት ሰላማዊና ጭቃማ ከተማ ሆና ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ጦርነቱ እስከ አጠገቧ መጥቶ ጭና የምትባለው የገጠር ቀበሌ ሰላማዊ ነዋሪዎች ሲገደሉ ያቺ ሻይ የቀዳችልኝ ልጅ ናት ትዝ ያለችኝ። ከከተማዋ መውጫ ላይ ሰዎች እጃቸውን እያወዛወዙ አስቆሙን። ጋሼ "እለፍ" አሉኝ፤ አለፍኩ። መስታወቱ ውስጥ እየራቁ ሲያንሱ ማየቱ ግን ሆድ ይበላል።

ደባርቅ ስንደርስ ምሳ ሰዓት አልፏል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚህ ነው፤ ፈረንጁ ሁሉ ዋሊያና ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጅብራ የበቀለበትን ውርጭ አገር ለማየት ከዚህ ነው ፈቃድ አውጥቶ ጥበቃና አስጎብኚ ይዞ የሚነሣው። ፓርኩ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 "አደጋ ላይ ያለ" ተብሎ፣ እኛ ከመድረሳችን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በ2017 ነበር ከዚያ መዝገብ የወጣው። የምሳ ቤቱ ሰው ሁሉ ደስታውን ገና አልጨረሰም ነበር። እኔ ግን ሽሮዬን እየጠቀለልኩ የማስበው አዲአርቃይን ነው።

"እዚህ እንደር" አሉ ጋሼ። "ሊማሊሞ የጧት መንገድ ነው። ከሰዓት ጉም ይወርዳል፣ የገበያ ከብትና አህያ ይመለሳል።"

"ጋሼ፣ ሰዎቹ እየጠበቁን ነው እኮ፤ ሳይመሽ እንገባለን።"

ከከተማው ጫፍ ላይ ደግሞ ገበያተኞቹ ጠበቁን። አንዲት አሮጊት ፊት ለፊት መጥተው የመኪናዋን ኮፈን በእጃቸው ዳበስ አደረጉና "የኔ ልጅ፣ በማርያም፣ ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይችለውም" አሉኝ። ከጎናቸው ሁለት ገበሬዎች፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ አንድ ጎረምሳ፣ ደግሞ ብርድ ልብሷን ጠቅልላ የያዘች ተማሪ። ጋሼን አየኋቸው።

"ሰው ጭነት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "ሕጉም አይፈቅድም።"

"ታዲያ እማማ በእግራቸው ይውረዱ?"

መልስ አልሰጡኝም። እኔም መኪናዬን አቆምኩ። እስከ ዛሬ በዚህ ነገር ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ከተማ ቁጭ ብሎ "ከኋላ ሰው አትጫኑ" ማለት ቀላል ነው፤ አውቶቡስ በማይደርስበት መንገድ ዳር አንዲት እናት እጇን ስትዘረጋ ግን ሌላ ነው። ያም ሆኖ ሒሳቡን ልንገራችሁ። የወፍጮው ሞተርና ድንጋዩ አምስት ኩንታል ግድም፣ ሲሚንቶው አራት፣ ያ ብቻ ዘጠኝ ነው። ፒካፕ "አንድ ቶን ትጭናለች" ሲባል ደግሞ ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ጭምር ይቆጠራል። እኔና ጋሼ ተጨምረን አሥር ሞልተናል። ስድስቱ ሰዎች ከነገበያቸው ሦስት ተኩል ኩንታል አያንሱም። እኔ ግን አልደመርኩም፤ ኋላዋ ቀጥ ብሎ ቆሟላ! ባሌስትራ አስጨምሬያለሁ!

ከደባርቅ ወጣ እንዳሉ ወልቀፊት ነው፤ የደጋው ጫፍ። ጣሊያን ይህን በር ይዞ መሽጎ ኖሮ፣ ጎንደር ከመውደቋ ሁለት ወር ግድም አስቀድሞ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጥቷል። የሊማሊሞን መንገድ ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ ያወጣውም በዚያ የወረራ ዘመን ነው። ሲያስቡት ይገርማል፤ ሰውየው ሄደ፣ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ካቻቢቴ… ጋራዥ ገብተን የምንናገረው ግማሹ የእሱ ቋንቋ አይደል?

ቁልቁለቱ ሲጀመር ጋሼ ጠየቁኝ፦ "ይህን ብትወጣው በስንተኛ ማርሽ ትወጣው ነበር?"

"በሁለተኛ… አንዳንዱን በአንደኛ።"

"በዚያው ውረደው።"

አንድ አራት ኩርባ በሁለተኛ ወረድኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ትንቀራፈፋለች፣ ጉሙም እየወጣ ነው። ሲሰለቸኝ ሳላስታውቅ ሦስተኛ አስገባሁና እግሬን ፍሬኑ ላይ ጣል አደረግኩ። አንዳንዱ ሹፌር ጭራሽ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ያደርጋል፤ ከዚህ የባሰ ሞኝነት የለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ሲነሣ የናፍጣ ሞተር ነዳጅ መውሰዱን ያቆማል፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው የሚወርደው። እኔ እዚያ ድረስ አልሞኘሁም፤ ግን ሩቅ አልነበርኩም።

ሽታው ቀድሞ መጣ። የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ። "ምን ይሸታል?" አልኩ። ጋሼ "አንተ ነህ" አሉኝ። ወዲያው ከፊታችን ካለው ኩርባ ውስጥ፣ ከጉሙ ሥር፣ የአህያ ጭራ፣ ቀጥሎ ሌላ አህያ፣ ቀጥሎ አህያ የሚነዳ ልጅ ብቅ አለ። ረገጥኩ። እግሬ ሄደ… ሄደ… ወለሉን ነካ። ምንም የለም! በቀኝ ተራራ፣ በግራ ባዶ ጉም።

ደንግጬ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ፤ ሞተሩን ላጠፋ። ጋሼ እጄን በጥፊ መቱት። "አታጥፋ! ርገጥ ልቀቅ፣ ርገጥ ልቀቅ! ማርሽ ቀንስ!" ለካስ ሞተሩ ቢጠፋ የመሪው እርዳታም፣ የፍሬኑ እርዳታም አብሮት ይጠፋል፤ ዘጠኝ ሰው ይዤ ከድንጋይ የከበደ መሪ ልታገል ነበር። ከኋላ ባለው ሕፃን ጭምር ዘጠኝ ነን። ሁለተኛ በግድ ገባልኝ፤ መኪናዋ ጮኸች፣ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነው ይዘው ቀስ በቀስ ሳቡት፤ በአንዴ ቢነጥቁት ኋላዋ ተንሸራቶ ያዞረን ነበር። "ወደ ተራራው! ወደ ተራራው አስጠጋት!" የቀኙ ጎማ የውሃ መውረጃው ቦይ ውስጥ ገባ፣ ጎኗ ከግንቡ ጋር እየተፋተገ፣ እየተፋተገ… ቆመች። ልጁ አህዮቹን ይዞ አሥር እርምጃ ላይ አፉን ከፍቶ ያየናል።

ወርጄ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ደህና ነው፤ አሮጊቷ ማርያምን እየጠሩ ነው። የወፍጮው ሞተር ግን ገመዱን በጥሶ ወደ ፊት ተንሸራቶ ከጋቢናው ጀርባ ተላትሟል። በሞተሩና በጋቢናው መሐል የተማሪዋ ብርድ ልብስ ተጨፍልቆ ተይዟል። ልጅቷ ሁለት ኩርባ በፊት እዚያው ብርድ ልብስ ላይ ነበር የተቀመጠችው። ንፋሱ በርዷት ከእናትየዋ ጎን ልትጠጋ ተነሥታ ነው የተረፈችው። እኔ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ አልያዘኝም።

ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ጎረምሳው በጀሪካን ውሃ ሊያፈስበት ሲል ጋሼ ጮሁበት። "የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ብታፈስ ምጣዱ ምን ይሆናል?" አሉት፤ "ይሰነጠቃል" አለ። "ይኸም ብረት ምጣድ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።" ማርሹን የኋላ ላይ አስደረጉኝ፤ ቁልቁል የቆመ መኪና በኋላ ማርሽ፣ ዳገት ላይ የቆመ በአንደኛ ነው የሚያዘው። ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ ታኮ አስደረጉ፤ ገበሬዎቹን ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ልከው ከኩርባው ማዶ ቅርንጫፍ አስጣሉ፣ የሚመጣ እንዲያውቅ። ከዚያ ሽማግሌው ሰውዬ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከመኪናዋ ሥር በጀርባቸው ገቡ!

ሲወጡ "ባሌስትራ ያስጨመረህ ማነው?" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደ እኔዋ ባለች ፒካፕ ኋላ፣ በሻንሲውና በኋላው አክስ መሐል አንዲት ዘንግ አለች። መኪናዋ ስትጫን ኋላዋ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ይህን አይታ ለኋላ ጎማዎች ፍሬን ጨምሪ ትላለች። ባዶ ስትሆን ኋላዋ ከፍ ስለሚል ፍሬኑን ትቀንሳለች፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት። እኔ ባሌስትራ ጨምሬ ኋላዋን ቀጥ ሳደርገው ዘንጓ ተታለለች። አሥራ ሦስት ኩንታል ተሸክማ "ባዶ ነኝ" ብላ አመነች። ስለዚህ የኋላው ፍሬን የሚገባውን ያህል አልሠራም፤ ፊተኛው ብቻውን ሲታገል ጋለ፣ ያረጀው ዘይትም ፈላ። ባሌስትራ ሲጨመር ዘንጓም አብራ መስተካከል አለባት፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ የሠራልኝም አልነገረኝም። እናንተ ጠይቁ። "ፍሬኑን የምታከፋፍለዋ ዘንግ ተስተካክላለች ወይ?" በሉ፤ አላውቃትም የሚል መካኒክ ከሆነ ባሌስትራውን እንዳይነካው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ዘይት ይሆናልና ፔዳሉ እየጠነከረ መጣ፤ ጋሼ ግን "ተመልሷል ብለህ አትመነው፣ እስክናስቀይረው ድረስ እንደሌለ ቁጠረው" አሉ። ሰዉ ተረባርቦ ከቦዩ አወጣልን፣ ሞተሩንም መልሰን በሁለት ገመድ አሰርነው። ልሳፈር ስል ጋሼ ወደ መሬት አመለከቱ። የታኮው ድንጋይ! አስፋልት መሐል ድንጋይ ጥሎ መሄድ የእኛ አገር ሹፌር ልማድ ነው፤ ሌሊት በዚያ የሚመጣው ሰው ግን ምን በደለ? አንድ በአንድ አንሥቼ ከመንገዱ ዳር ጣልኩ፣ ቅርንጫፎቹንም።

ሰዎቹን መልሼ አልጫንኳቸውም። ለተማሪዋ ብርድ ልብስ መግዣ ሰጠኋት፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋትም። "እማማ፣ እርስዎ ብቻ ጋቢና ይግቡ፣ ከጋሼ ጋር ተጠጋግተው" አልኳቸው። "ቆይ እስቲ" አሉና ነጠላቸውን አደግድገው ከሌሎቹ ጋር ወደ ገደሉ አፋፍ ገቡ፤ ለእግረኛ አቋራጭ አለ።

እኔ በአንደኛ ማርሽ፣ እግሬን ከፍሬን ላይ አንሥቼ፣ ሞተሩ ይዟት፣ ሰው በእግሩ ከሚሄደው ባልፈጠነ ፍጥነት ወረድኩ። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ አሮጊቷ ቀድመውኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በሁለተኛውም ቀድመውኛል። በሦስተኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጌ "ይግቡ እንጂ እማማ፣ ጉልበትዎ!" አልኳቸው።

አሮጊቷ ሳቁ። "ጉልበቴ ተሽሎታል ልጄ" አሉኝ፤ "አንተ ቀስ ብለህ ድረስብኝ።"